የዩኒቨርሲቲው ስም እና የብድሩ ልክ፦ ደብዳቤው ሲመጣ እንዴት ታመዛዝናላችሁ?

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ባለች አንዲት አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማህበር ውስጥ ነው። ሥራዬ የብድር ጥያቄ መገምገም ነው። ድሮ ድሮ አባሎቻችን የሚበደሩት ለባጃጅ፣ ለሱቅ ዕቃ፣ ለቤት ፊኒሺንግ ነበር። አሁን አሁን ቅጹ ላይ "ለልጅ ትምህርት" የሚለው በዝቷል። አንዱ ለግል ኮሌጅ ነው። ሌላው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከፍሎ ለሚማር ልጅ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ የቅበላ ደብዳቤ ስልኩ ላይ ይዞ የሚመጣ ወላጅ አለ። ያኔ ወንበሬን ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። የዚያ ውሳኔ ጦስ ለመላው ቤተሰብ ነው የሚተርፈው።

ጉጉቱ ይገባኛል። በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ያለፉት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን አልፎ የመጣ ልጅ "ትልቁ ቦታ ይገባኛል" ቢል አይፈረድበትም። እናቱም "ቤቴን ሸጬም ቢሆን" ብትል አልፈርድባትም። ስም ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ግን ከስሙ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ስሙ የሚገዛው በማን ገንዘብ ነው? በዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ከሆነ ሂዱ። በብድር ከሆነ ቁጭ ብለን እንቁጠር።

እንዴት እንደምንቆጥር ላሳያችሁ።

ደብዳቤውን እስከ ታች አንብቡት

ባለፈው ሚያዝያ አንድ የማህበራችን አባል የሆኑ አባት መጡ። ስልካቸውን አቀበሉኝና "እህቴ፣ እስቲ ይሄንን አንብቢልኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ እልል ብሏል" አሉኝ። በሌላው እጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉ ውስጥ ያለው የቤታቸው ካርታ ነው። የኮንዶሚኒየሙን የባንክ ዕዳ ከፍለው ከጨረሱ ገና ብዙም አልቆዩም።

ደብዳቤው ሲጀምር "እንኳን ደስ አለሽ" ይላል። ቀጥሎ በደማቁ የተጻፈ መስመር አለ፦ በየዓመቱ 26,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ተፈቅዶልሻል። እልልታው ለዚህ መስመር ነው። ወደ ታች ስወርድ ሰንጠረዥ አገኘሁ። የትምህርት ክፍያ፣ ዶርም፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ መጽሐፍ፣ ልዩ ልዩ። ድምሩ 62,400 ዶላር።

"ጋሼ፣ ይሄ የአንድ ዓመት ነው" አልኳቸው።

"አዎ፣ እሱንማ እነሱ ሸፍነውት የለ?"

"የሸፈኑት 26 ሺውን ነው። 36,400 ዶላር ደግሞ በየዓመቱ ከእናንተ ይጠበቃል።"

ዝም አሉ። ስልኩን ተቀበሉኝና ያቺን መስመር በጣታቸው ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ ፈለጓት። ሲያገኟት ጮክ ብለው ቁጥሩን አነበቡት። ልጅቷ አላታለለቻቸውም። እሷም ደማቁን መስመር ነው ያየችው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይሄ ነው። ወረቀት አውጡ። የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ከላይ ጻፉ። ከሱ ላይ የምትቀንሱት የማይመለስ ገንዘብን ብቻ ነው፤ ማለትም ስኮላርሺፕና ግራንት የሚባለውን። አንዳንድ ደብዳቤ ላይ ብድርና የግቢ ውስጥ ሥራ "እርዳታ" በሚል ርዕስ ስር አብረው ተደርድረው ይመጣሉ። ብድር እርዳታ አይደለም፣ አትቀንሱት። የግቢ ሥራውንም አትቀንሱት፤ ገና ያልተሠራ ሥራ ነው። በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ መሥራት የሚችለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። በሰዓት 13 ዶላር ብናስብና 30 ሳምንት ቢሠራ 7,800 ዶላር ይሆናል። ለስልክ፣ ለልብስ፣ ለትራንስፖርት ይሆናል እንጂ 36 ሺህ ዶላር አይሞላም። "ውጭ ወጥቶ ይሠራል" የሚሏችሁን አትስሙ። ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት ቪዛውን ያሳጣዋል።

ቀጥሎ በአራት አታባዙ። ክፍያ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ስኮላርሺፑ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል። በእኚህ አባት ደብዳቤ እንየው። ጠቅላላ ወጪው በዓመት 4 በመቶ ቢጨምር የአራት ዓመቱ ድምር 264,979 ዶላር ገደማ ይሆናል። ከሱ ላይ 104,000 ዶላሩ ስኮላርሺፕ ሲቀነስ ወደ 161,000 ዶላር ይቀራል። ዝም ብለው በአራት ቢያባዙት ኖሮ 145,600 ነበር የሚያገኙት። ልዩነቱ ከ15,000 ዶላር በላይ ነው፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እያደገ ነው የሚመጣባችሁ።

ከዚያ ቅድመ ሁኔታውን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ በትንሹ ነው የሚጻፈው። ስኮላርሺፑ የሚቀጥለው ውጤቷ ከ3.0 በታች ካልወረደ ነው የሚል ከሆነ፣ ኢንጂነሪንግ ለምትማር ልጅ ይሄ ቀልድ አይደለም። በመጀመሪያው ሴሚስተር አገሩንም፣ ብርዱንም፣ አነጋገሩንም እየለመደች ነው የምትፈተነው። ብትወድቅ ምን ይሆናል? አንድ የማስጠንቀቂያ ሴሚስተር ይሰጧታል ወይስ ወዲያው ይቋረጣል? በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

ሰንጠረዡ ላይ የማታገኟቸውም አሉ። የተማሪ ምዝገባው ሴቪስ የሚባለው 350 ዶላር ነው። የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው። የአውሮፕላን ቲኬት አለ። ካፖርትና ቦት ጫማ አለ። ክረምት ላይ ዶርም ሲዘጋ የት ታድራለች የሚለውም አለ፤ ብዙ ሰው ይህንን የሚያስታውሰው ግንቦት ሲደርስ ነው።

ዶላሩን ወደ ብር፣ ብሩን ወደ ደመወዝ

"161,000 ዶላር" ሲባል ጆሮ ላይ ቀለል ይላል። በ150 ብር ስናባዛው ከ24 ሚሊዮን ብር ያልፋል። ያኔ ነው ሰው ቀና የሚለው።

ምንዛሪውም ቆሞ አይጠብቃችሁም። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ የተወው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት ልጁን ልኮ በብር እየቆጠበ ይከፍል የነበረ ወላጅ ዕዳው ያደረው እጥፍ ሆኖ ነው። ልጁ ተጨማሪ ኮርስ አልወሰደም፣ ዩኒቨርሲቲውም ዋጋ አልጨመረም። ገቢያችሁ በብር ከሆነ በዶላር አትበደሩ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

አሁን ደግሞ ትንሽ ብድር እንውሰድ። ልጃችሁ በራሱ ስም 40,000 ዶላር ተበደረ እንበል። ወለዱ 10 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 10 ዓመት ቢሆን የወሩ ክፍያ 529 ዶላር ገደማ ነው። በ10 ዓመት ውስጥ የሚከፍለው 63,000 ዶላር ይሻገራል። 529 ዶላር በ150 ብር ሂሳብ ከ79,000 ብር በላይ ነው፣ በወር። እዚህ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። የሰባት ሰው ደመወዝ ለአንድ ሰው ዕዳ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ምን ይነግረናል? ያ ልጅ ተመልሶ አገሩ ሊሠራ አይችልም። ቢፈልግም አይችልም። እናቱ ብትታመም እንኳ ለመምጣት መጀመሪያ ብድሩን ማሰብ አለበት። እዚያ ለመቆየት ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ከምረቃ በኋላ በተማሪነቱ የሚሰጠው የሥራ ጊዜ፣ ኦፒቲ የሚባለው፣ 12 ወር ነው። በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ ዘርፍ ከሆነ ሌላ 24 ወር ይጨመራል። ከዚያ በኋላ አሠሪ አግኝቶ የሥራ ቪዛ ዕጣ ውስጥ መግባት ነው። የ10 ዓመት ዕዳ ከ1 ወይም ከ3 ዓመት የሥራ ፈቃድ ጋር አይገጥምም። ልጃችሁ ታሪክ ወይም ማኔጅመንት ሊማር ከሆነ 12 ወሩን ብቻ ይዛችሁ አስሉ።

ማን ነው የሚፈርመው?

እኛ ማህበር ውስጥ ዋስ ሳያቀርቡ ብድር የለም። ዋስ መሆን ምን እንደሚያመጣ ስለማውቅ እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል።

በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ልጅ የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ብድር አይሰጠውም። የሚቀረው የግል አበዳሪ ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አብሮ እንዲፈርም ይጠይቃሉ። ያኔ ሜሪላንድ ያለው አጎት ይደወልለታል። አጎት በይሉኝታ እሺ ይላል። "እኔ ሳልፈርም ቀርቼ ልጅቷ ቀረች" መባልን ማን ይፈልጋል? ነገር ግን ልጅቷ አንድ ወር ስታሳልፍ አበዳሪው ወደ አጎት ይሄዳል። ቤት ሊገዛ ሲል ያ ብድር በስሙ ተቆጥሮ ይጠብቀዋል። የተማሪ ብድር እዚያ አገር ኪሳራ አውጆ እንኳ በቀላሉ የማይሰረዝ ዕዳ ነው። ስንት ወንድማማች በገንዘብ ተኮራርፎ ለቅሶ ላይ ብቻ እንደሚገናኝ ታውቃላችሁ።

አብሮ ፈራሚ የማይጠይቁም አሉ፤ ኤምፓወር እና ፕሮዲጂ ፋይናንስ የሚባሉት ለውጭ አገር ተማሪዎች ያበድራሉ። እነሱም ሁሉንም ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉንም የትምህርት ዓይነት አይቀበሉም፤ ፕሮዲጂ የሚያበድረው ለድኅረ ምረቃ ተማሪ እንጂ ለመጀመሪያ ዲግሪ አይደለም። ውሉን ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ፣ መቆጠር የሚጀምረው ከመቼ ነው፣ የእፎይታ ጊዜው ስንት ወር ነው። ልጁ ገና ክፍል ውስጥ ሳለ ወለድ መቁጠር የሚጀምር ብድር በምረቃው ቀን ከተበደሩት በላይ ሆኖ ይጠብቃል።

ልጃችሁ ግሪን ካርድ ካለው ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ የመንግሥት ግራንትና ብድር ማግኘት ይችላል። በወላጅ ስር ያለ ተማሪ በራሱ ስም መበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከሦስተኛው ጀምሮ 7,500 ዶላር ነው። ጠቅላላው ከ31,000 ዶላር አያልፍም። እኔ ይህን ጣሪያ ግሪን ካርድ ለሌላቸውም ቤተሰቦች እንደ መለኪያ እጠቀምበታለሁ። የአሜሪካ መንግሥት በወላጅ ስር ላለ ለገዛ ዜጋው ለመጀመሪያ ዲግሪ ከዚህ በላይ አላበድርም ካለ፣ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳ ልጅ የሱን አምስት እጥፍ የሚሸከምበት ምን ምክንያት አለ? ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚባለው ርካሽ የመንግሥት ኮሌጅ ተምሮ ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ቢዛወር የሚወጣው ዲግሪ ያው የዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ነው።

ውዱ ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ

ብዙ ወላጅ የማያውቀውና እኔ ለተማሪ ሁሉ የምነግረው ነገር ይሄ ነው። የዋጋ ዝርዝራቸው የሚያስደነግጠው ዩኒቨርሲቲዎች ለኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ነጻ ናቸው፤ ችግሩ መግባቱ ነው። ሀርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪ ሲያመለክት የመክፈል አቅሙን አይተው አይጥሉትም። ከተቀበሉት ደግሞ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። ሀርቫርድ እና ኤምአይቲ ከ2025 እ.ኤ.አ. መኸር ጀምሮ የዓመት ገቢው ከ100,000 ዶላር በታች ለሆነ ቤተሰብ ዶርምና ምግብን ጨምሮ ወላጅ ምንም እንዳይከፍል አድርገዋል። የሰፈራችን ቤተሰብ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ከ100 አመልካች የሚያልፈው 5 አይሞላም፣ ያ እውነት ነው። ማመልከቻ ክፍያውን ግን ችግራችሁን ገልጻችሁ ስትጠይቁ ይተውላችኋል። ስለዚህ ጎበዝ ልጅ ያላችሁ በዋጋው ፈርታችሁ አታስቀሩት።

ስማቸው እዚህ የማይታወቅ ደጎችም አሉ። ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ከተቀበለው ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። የውጭ አገር ተማሪውን የመጀመሪያ ዓመት ሙሉ ወጪም ይሸፍናል። ተማሪው በምላሹ ግቢ ውስጥ ይሠራል። "ቤሪያ ምንድነው? ሰምቼው አላውቅም" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ዕዳ የማይከፍል ዘመድ ስም ቢያማርጥ ምን ቸገረው።

አደጋው ያለው መሃል ላይ ነው። ስሙ ትልቅ የሚመስል፣ ከተማውን በፊልም የምናውቀው፣ ግማሽ ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ። ኤጀንቶች የሚያመጡላችሁም አብዛኛውን ጊዜ ይሄንን ነው። ኤጀንቱን "ልጄን ስታስገባ ከዩኒቨርሲቲው ኮሚሽን ታገኛለህ ወይ?" ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት። ነውር የለውም።

ጀርመንም "ነጻ ነው" እየተባለ ይወራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ነገር ግን ለቪዛ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠይቃል። ይህን ገንዘብ ተበድሮ ለኤምባሲ ማሳየትና በሁለተኛው ወር መመለስ የሚያስብ ሰው አለ። ገንዘቡ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀ ልጁ የሚበላበት ነው። ከተመለሰ በምን ይኖራል?

ስሙ ራሱ ምን ያህል ያመጣል ለሚለው አንድ ጥናት ልጥቀስ። ስቴሲ ዴል እና አላን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። ተመሳሳይ ችሎታ ያላቸውን፣ ትልልቆቹ ቦታዎች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች አወዳደሩ። ትልቁን ትቶ ሌላ ቦታ የተማረውና ትልቁ ቦታ የገባው በኋላ ያገኙት ገቢ ብዙም አልተለያየም። ልዩነት የታየው ከደሃ ቤተሰብ በመጡት ላይ ነው፤ እነሱን ትልቁ ስም ጠቅሟቸዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ጎበዝ ልጅ የትም ጎበዝ ነው። የደሃ ልጅ ግን በሙሉ ስኮላርሺፕ ትልቅ ቦታ ካገኘ "ሩቅ ነው፣ ብርድ ነው" ብላችሁ አታስቀሩት።

እዚሁ አገር ያለውን ከሱ ጎን አስቀምጡ

ደብዳቤውን ብቻውን ካያችሁት ሁሌም ያምራል። ከጎኑ ሌላ አምድ ስሩና እዚህ ያለውን ጻፉ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደብ ልጅ በወጪ መጋራት ነው የሚማረው። ኮስት ሼሪንግ የምንለው ማለት ነው። ከ1996 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አለ። የምግቡን፣ የዶርሙንና ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን ድርሻ ይፈርማል። ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። እኔም በዚህ ነው የተማርኩት። ዕዳው ከደመወዜ ጋር ስለሚሄድ ቤት ኪራዬን አልነካብኝም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ካልከፈላችሁ ዋናው ዲግሪና ትራንስክሪፕት እጃችሁ አይገባም፣ በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማስረጃ ነው የምትቆዩት። ውጭ አገር ማስተርስ ለማመልከት ያሰበ ልጅ ቀደም ብሎ ከፍሎ ቢያወጣ ይሻለዋል።

ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። እንደ አዳማው ሁሉ ተማሪ የሚመርጠው በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ የሰፈራችን ልጅ ይህን ሳይፈተን ወደ ብድር ማየት የለበትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ መንግሥት ከሚደግፋቸው ጎን ለጎን ከፍለው የሚማሩም ይቀበላል። ስድስት ኪሎ ማለት ስም ነው፣ አልክድም። ግን ከፍሎ አዲስ አበባ ከመማርና በምደባ ጅማ ወይም ሐዋሳ ከመሄድ የትኛው ይሻላል ስትሉኝ መልሴ እንደ ትምህርት ክፍሉ ነው። ለሕክምና ጅማ ስሙ የታወቀ ነው። ልጁ ከእናቱ እንዳይርቅ ብቻ ብላችሁ የምትከፍሉት ከሆነ፣ ለናፍቆት የምትከፍሉት መሆኑን እያወቃችሁ ክፈሉ።

ለግል ኮሌጅ ስትበደሩ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ፈቃዱ ልጃችሁ ለሚማርበት ካምፓስና ለሚማረው ትምህርት ተሰጥቷል ወይ? የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አይበቃም። ሁለተኛ፣ የመውጫ ፈተና ውጤታቸው ምን ይመስላል? ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 62 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ካላለፉ ዲግሪ የለም። ዲግሪ የሌለው የትምህርት ዕዳ በሥራዬ ካየሁት ዕዳ ሁሉ የከፋው ነው፤ ባጃጁ ቢበላሽ እንኳ ብረቱ ይሸጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ለተማሪዎቹ። አሜሪካ የመሄድ ሕልም ካላችሁ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቸኛው በር አይደለም። በሳይንስና በኢንጂነሪንግ ለዶክትሬት የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው፣ ረዳት ተመራማሪ ወይም ረዳት መምህር አድርገው ደመወዝ ይከፍሏችኋል። እዚህ በጥሩ ውጤት ተመርቃችሁ ያን በር ማንኳኳት ትችላላችሁ። ትልቁን ስም ያኔ በነሱ ገንዘብ ውሰዱት።

መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጻፉላቸው

ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር ነው። የመጣው ደብዳቤ የመጨረሻ ቃል ይመስለዋል። ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮአቸው እንደገና እንዲያይ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ብዙዎቹ አሜሪካ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ የሚፈልጉት እስከ ሜይ 1፣ በኛ ሚያዝያ 23 ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በደረሰ በሳምንቱ ጻፉ።

ልጁ ራሱ ይጻፈው፣ አጭር ይሁን። ልመና አታብዙበት። ለቅበላው አመስግኖ፣ የቤተሰቡን ገቢ በብር እና በዶላር አስቀምጦ፣ ማስረጃ አያይዞ፣ የሚጎድለውን በቁጥር ይናገር። ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ የወላጅ ገቢ በዶላር ሲታይ በግማሽ መውረዱን መጥቀስ ተገቢ ነው፤ እዚያ ቁጭ ያለ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የበለጠ ሰጥቶት ከሆነ ያንን ደብዳቤ ያያይዝ። በመጨረሻም "በየዓመቱ ከዚህ በላይ መክፈል አንችልም" ብሎ አንድ ቁጥር ይጻፍ። ያ ቁጥር እውነተኛ ይሁን። ለዘመድ የተገባ ቃል፣ ገና ያልወጣ እቁብ፣ ያልተሸጠ መሬት አይቆጠርም።

ካርታቸውን ይዘው የመጡት የእኚያ አባት ልጅ እንዲህ አድርጋ ጻፈች። አባቷም ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ገቢያቸውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሯት። ዩኒቨርሲቲው 4,000 ዶላር ጨመረላት። ትልቅ ልብ ነው፣ ግን ከ32,000 ዶላር በላይ አሁንም ይጎድላል። እቤት ተነጋገሩበትና ተዉት። ካርታው ወደ ቁም ሣጥን ተመለሰ። ልጅቷ የሳይንስና ቴክኖሎጂውን ፈተና አልፋ እዚሁ ገባች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እየመጣች ትሄዳለች። በሚቀጥለው ዙር ሙሉ ወጪ ለሚሸፍኑት ቦታዎች ብቻ ልታመለክት ዝርዝር እያወጣች ነው።

እናንተም ከጻፋችሁ በኋላ ዲፖዚት የሚባለውን የቦታ መያዣ ክፍያ መልሱ በጽሑፍ ሳይደርሳችሁ አትክፈሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ቀኑ ከደረሰባችሁ ለጥቂት ሳምንት እንዲያራዝሙላችሁ ጠይቁ። እርዳታ ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ላለ ተማሪ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ሂሳቡ ካስቸገራችሁ ደግሞ ደብዳቤውን አትማችሁ፣ ስክሪንሾት ሳይሆን ሙሉውን ገጽ፣ ቁጥር ወደሚችል ጎረቤት ውሰዱት። ከካርታው በፊት እሱን ውሰዱ።